ሚስ የሚያደርግ ሞተርና ቢጫዋ መብራት

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ በየመንገዱ የምናያቸው ኮሮላና ቪትዝ እያረጁም ቢሆን ለብዙ ዓመት ማገልገላቸው አይቀርም። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ የተሠሩ ናቸው። ባለቤቶቻቸው ወደ ጋራዥ ይዘዋቸው ከሚሄዱት ችግሮች አንዱ ደግሞ ይህ ነው፦ ቢጫዋ የቼክ ኢንጅን መብራት በርታለች፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ሚስ ያደርጋል ማለት ነው። ከዚያ አራት ካንዴላ ይገዛል፤ አልተሻለውም፤ አራት ቦቢና ይከተላል፤ መብራቷ ግን እንደበራች ናት። ይህ ሁሉ ወጪ የሚመጣው ግዢው ምርመራውን ስለሚቀድም ነው።

ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ በደቂቃ 700 ጊዜ ያህል ይዞራል። እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚያቀጣጥለው በሁለት ዙር አንዴ ስለሆነ አንዷ ካንዴላ በሴኮንድ ስድስት ጊዜ ገደማ እሳት ትሰጣለች። በ2000ዎቹ በተሠሩት በብዙዎቹ ኮሮላዎች በየካንዴላዋ አናት የየራሷ ቦቢና አለች፤ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ አሥር ሺዎች ቮልት ከፍ የምታደርገው እሷ ናት። በልኩ የተቀላቀለ አየርና ቤንዚን፣ ደህና ኮምፕሬሽን፣ በሰዓቱ የሚመጣ እሳት፦ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሲሊንደሩ ሳያቀጣጥል ተራው ያልፈዋል።

የመኪናው ኮምፒውተር ይህን የሚያውቀው እሳቱን አይቶ አይደለም። የሚከታተለው የክራንክሻፍቱን ፍጥነት ነው። በኮሮላው ዋን ዜድ ዜድ ሞተር ክራንክሻፍቱ ላይ 34 ጥርስ ያለው ሳህን አለ፤ ቦታው የ36 ነው፣ ሁለቱ መነሻ እንዲሆኑ ሆን ተብሎ ቀርተዋል። ሴንሰሩ ጥርሶቹ በፊቱ ሲያልፉ ጊዜውን ይለካል። አንድ ሲሊንደር ሳያቀጣጥል ሲቀር ዙሩ ለቅጽበት ይዘገያል። የማቀጣጠሉ ተራ 1-3-4-2 መሆኑን ኮምፒውተሩ ስለሚያውቅ፣ መዘግየቱ በማን ተራ እንደ ደረሰ ለይቶ ኮድ ይመዘግባል። ፒ0301 አንደኛው ሲሊንደር ነው፣ ፒ0304 አራተኛው፤ ፒ0300 ከሆነ ጥፋቱ በአንዱ ላይ አልረጋም። ኮረኮንች መንገድ ጎማውን እያንገጫገጨ የክራንክሻፍቱን ዙር ሊያውክና ይህን ልኬት ሊያሳስት ስለሚችል፣ አንዳንድ መኪኖች የመንገዱን ሁኔታ ለይተው ክትትሉን ለጊዜው ያቆማሉ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ፒ0302 ማለት ሁለተኛው ሲሊንደር ተራውን ስቷል ማለት ብቻ ነው። ቦቢናው ሞቷል አላለም፣ ካንዴላው አርጅቷል አላለም፣ ባልቦላው ተቃጥሏል አላለም። ኮዱ የት እንደሚፈለግ ይጠቁማል፤ ምን እንደጠፋ የሚያገኘው መካኒኩ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም። የሁለተኛውን ሲሊንደር ቦቢና ከሦስተኛው ጋር ማቀያየር፣ ኮዱን መዝግቦ ማጥፋት፣ ከዚያ መኪናውን መንዳት። ኮዱ ፒ0303 ሆኖ ከተመለሰ ጥፋቱ ከቦቢናው ጋር ተጉዟል፤ አንድ ቦቢና ብቻ ይገዛል። አሁንም ፒ0302 ካለ ቦቢናው ነፃ ነው፤ ቀጥሎ ካንዴላውን በዚያው መንገድ ማቀያየር፣ ከዚያ ኢንጀክተሩን። በአንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ! ካንዴላና ቦቢና አብረው ከተቀያየሩ ጥፋተኛው የቱ እንደነበር አይታወቅም።

በድሮዎቹ ሞተሮች የካንዴላ ገመድ አንድ በአንድ እየነቀሉ ድምፁን ማዳመጥ የተለመደ ነበር። ቦቢናው ካንዴላው አናት ላይ ባለበት ሞተር ግን ይህን አትፍቀዱ። መውጫ ያጣው ከፍተኛ ቮልት ቦቢናውን ሊያቃጥል ይችላል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚንም ወደ ጭስ መውጫው ይሄዳል። ማዳመጥ ካስፈለገ የሚነቀለው የኢንጀክተሩ ሶኬት ነው፤ ያን ጊዜ ቤንዚኑም አብሮ ይቋረጣል። ሶኬቱ ሲነቀል የሞተሩ አሠራር ካልተለወጠ፣ ሥራውን ያቆመው ሲሊንደር እሱ ነው።

ሚስ የሚያደርግበት ጊዜም ብዙ ይናገራል። በሚኒሞ ተንቀጥቅጦ ጋዝ ሲሰጡት የሚስተካከል ከሆነ፣ ከተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ወይም ካረጀ ጋርኒሲዮን አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ የእንጦጦን ዳገት ሲጀምር የሚዘል ከሆነ ደካማ ቦቢና፣ የተበላ ካንዴላ ወይም የተዳከመ የነዳጅ ፖምፓ ይጠርጠር። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሚስ አድርጎ የራዲያተሩ ውኃም በየጊዜው ከቀነሰ፣ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ይታይ። ከላቫጆ በተመለሰ ማግስት የጀመረ ከሆነ ደግሞ ቦቢናውን አውጥቶ የካንዴላውን ጉድጓድ ማየት ነው፤ ውኃ ገብቶ ሊሆን ይችላል። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ከተገኘ፣ ከላይ ያለው የባልቦላ ሽፋን ጋርኒሲዮን አፍስሷል፤ እሱ ሳይቀየር አዲስ ቦቢና ማስገባት አዲሱንም ማበላሸት ነው።

ኮምፕሬሽን ሲለካ አዲስ አበባ ላይ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሞተሩ የሚያምቀው አየርም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር እንኳ ፋብሪካው በመጽሐፍ ያሰፈረውን ቁጥር ላያሳይ ይችላል። ትክክለኛው ንጽጽር አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማስተያየት ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በጣም ከወረደ ችግሩ እዚያ ነው፤ አራቱም እኩል ዝቅ ስላሉ ብቻ «ሞተሩ ይውረድ» የሚል ፍርድ ግን ስንት ቤተሰብ ያለ አግባብ ወጪ ያስወጣል።

ቢጫዋ መብራት ረግታ ከበራች ተረጋግቶ ወደ ጋራዥ መሄድ ይቻላል። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ጭስ መውጫው ላይ ወዳለው ካታላይዘር እየገባ ነው፤ እዚያ ሲነድ ሙቀቱ ውስጡን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። እግራችሁን ከጋዙ አንሱ፣ አመቺ ቦታ ስታገኙም ቁሙ። ካታላይዘሩን ቆርጦ ማውጣትን እንደ መፍትሔ የሚያቀርቡ አሉ፤ ሚሱን አያድንም፣ አየሩን ግን ይበክላል።

ቀይ መብራቶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። የዘይቷ ጣሳ ምልክት ሞተሩ እየሠራ ከበራች ዘይቱ ግፊት አጥቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፤ እስከ ጋራዥ ልድረስ ማለት ሞተር ያስነክሳል። የሙቀቱም እንዲሁ ነው። የባትሪዋ ምልክት ዲናሞው ቻርጅ እንደማያደርግ ትናገራለች፤ ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መለካት አለበት። ብዙ መብራቶች ባንዴ ሲበሩ መጀመሪያ ይህን መለካት ከብዙ ድካም ያድናል።

አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን አዙሮ ዳሽቦርዱን ይመልከት። ቼክ ኢንጅን በዚያን ጊዜ መብራት አለባት። ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሏል፣ አለዚያም ችግር ለመደበቅ ተነቅሏል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ቪትዞች ደግሞ ከርካሽ የኮድ ማንበቢያዎች ጋር ላይግባቡ ይችላሉ፤ «ማሽኑ ምንም አላሳየም» ሲባል ማሽኑ ከመኪናው ጋር መገናኘቱን ጠይቁ።

መኪናችሁን ስታስረክቡም ኮዱ ከመሰረዙ በፊት ቁጥሩ ተጽፎ ይሰጣችሁ። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙርና ሙቀት አብሮ ያስቀምጣል፤ ኮዱ ሲሰረዝ ወይም ባትሪው ሲነቀል ግን ያ ሁሉ ይጠፋል። ዕቃ ከተቀየረ አሮጌውን ተቀበሉ፤ በምን ፈተና እንደተረጋገጠም ጠይቁ። በደንብ የመረመረ መካኒክ መልስ አያጣም።