መሣሪያውን ከሥራው ጋራ ማስረከብ ይገባልን?

አናጢ ለሥራ ወደ ሌላ አገር በተጠራ ጊዜ መጋዙንና መሮውን ይዞ ይሄዳል እንጂ፣ ከደረስሁበት አገኛለሁ ብሎ ባዶ እጁን አይጓዝም። በኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ዘንድም ይህን የመሰለ ክርክር አለ። ሰው የጻፈው ኮድ ኮምፒውተር ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚለወጠው በመገንቢያ መሣሪያ ነው። ታዲያ ይህ መሣሪያ ከኮዱ ጋራ አብሮ መታደል ይገባዋልን? ወይስ ተቀባዩ ራሱ ፈልጎ ያግኘው?

አብሮ ይሂድ የሚሉት ወገኖች ምክንያታቸው ብርቱ ነው። መሣሪያው በየጊዜው ስለሚታደስ፣ ዛሬ በአንዱ እትም የተገነባ ሥራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአዲሱ እትም አልገነባም ሊል ይችላል። ባልደረባው ትቶት የሄደውን ፕሮግራም የተረከበ ወጣት ሠራተኛ ይህን ችግር አይስተውም። ስለዚህ በጃቫ ሥራ የታወቀው ግራድል፣ «ራፐር» የሚባል አነስተኛ ጠሪ ከኮዱ ጋራ እንዲቀመጥ ያደርጋል፤ ጠሪውም በሰነድ የተጻፈውን እትም ለይቶ ከኢንተርኔት ያወርዳል። ከዚያ አስቀድሞ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 የተጀመረው አውቶኮንፍ፣ «ኮንፊገር» የተባለ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ከሥራው ጋራ የሚታደልበትን መንገድ ከፈተ። በዚህም ተቀባዩ አውቶኮንፍን ራሱን ሳይጭን ሊገነባ ቻለ።

ነገር ግን ስንቅ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በማርች 2024 ፋይል ለማመቅ የሚያገለግለው ኤክስ ዜድ በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞቹ ውስጥ ስውር በር ተገኘበት። ተንኮሉን የሚቀሰቅሰው መስመር በይፋዊው የኮድ መዝገብ አልነበረም፤ ለዕደላ በተዘጋጀው ጥቅል፣ በመገንቢያ ጽሑፎቹ መካከል ግን ተሸሽጎ ነበር። ነገሩን የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ መነሻ የሆነውም ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያው በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ እያንዳንዱ ሥራ ሙሉ መሣሪያ ተሸክሞ ከዞረ፣ በመሣሪያው ላይ አንድ ጉድለት በተገኘ ቁጥር እርማቱ በየሥራው መደጋገም ይኖርበታል።

እንግዲህ መካከለኛው መንገድ የተሻለ ይመስላል። ሥራው የሚፈልገውን መሣሪያ በስሙና በእትሙ ቁጥር ለይቶ ይጻፍ። የሚወርደው ፋይል እንዳልተለወጠ የሚታወቅበት የቁጥር ማኅተም ይታከልበት፤ ግራድልም ይህን ይፈቅዳል። ጠሪው ራሱ በዓይን የማይነበብ ፋይል ስለሆነ፣ እርሱም ከአዘጋጆቹ በወጣው ማኅተም ይመሳከር። ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ተማሪ ደግሞ መሣሪያው አስቀድሞ ወርዶ በቅርብ ይቀመጥ።

ሥራን ማስረከብ ማለት ኮዱን ብቻ መስጠት አይደለም፤ ተረካቢው በምን እንደተሠራ አውቆ፣ እውነተኛነቱን መርምሮ እንደገና ሊሠራው ሲችል ነው ርክክቡ የሚፈጸመው።