የቡና ርክክብ መዝገብን በቀን ሰይሞ ማስቀመጥ ለምን ይጠቅማል?

በኢሉባቦር የቡና ለቀማ ወቅት ሲደርስ፣ በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዮ ዙሪያ የሚገኙ አርሶ አደሮች እሸት ቡናቸውን ለገዢዎችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ያስረክባሉ። በደረሰኝ ላይ የሚሰፍረው ኪሎ ግራም ለማኅበር አባል ሁለት ጊዜ ይጠቅማል፤ በቅድሚያ ለዕለቱ ክፍያ፣ በኋላም ትርፍ ሲከፋፈል ለድርሻው ማስያ። ስለዚህ መዝገቡ በኮምፒውተር በሚያዝበት ሥፍራ ሁሉ፣ የየዕለቱ መረጃ የሚቀመጥበት መንገድ የአርሶ አደሩም ጉዳይ ነው።

የርክክብ መረጃ በአብዛኛው የሚከማቸው ዳታቤዝ በተባለ የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። ሠራተኛው «ዛሬ ማን ስንት ኪሎ አስረከበ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ቋቱ መልሱን በዝርዝር ያወጣል። ይህ ዝርዝር ወደ ጽሑፍ ፋይል ካልተገለበጠ ግን ከማያ ገጹ ጋር አብሮ ይጠፋል። የጽሑፍ ፋይል ተመራጭ የሚሆነው መጠኑ አነስተኛ በመሆኑና በማንኛውም ኮምፒውተር ሊከፈት በመቻሉ ነው።

ችግሩ የሚመጣው በስያሜው ላይ ነው። ፋይሉ በየቀኑ «ርክክብ» እየተባለ ብቻ ከተቀመጠ፣ ብዙ ፕሮግራሞች የዛሬውን በትናንቱ ላይ ይጽፉበታል። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ በራሱ የማውጫ ትእዛዝ ሲሠራ በነባር ፋይል ላይ መጻፍን ይከለክላል፤ በዚህም የትናንቱ ይተርፋል፣ የዛሬው ግን ሳይወጣ ይቀራል። መፍትሔው ቀኑን በስሙ ውስጥ ማካተት ነው።

የቀኑ አጻጻፍም ሥርዓት አለው። ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል «ርክክብ_2018-02-05» ተብሎ ሲጻፍ፣ ኮምፒውተሩ ፋይሎቹን በስም ሲደረድር የጊዜ ቅደም ተከተላቸውን ይጠብቃሉ። ቀኑ ከቀደመ ግን የጥቅምት 5 እና የኅዳር 5 ፋይሎች ጎን ለጎን ተሰልፈው ከጥቅምት 6 ይቀድማሉ። ባለ አንድ አኃዝ ወርና ቀን በፊታቸው ዜሮ ሊታከልባቸው ይገባል። እዝባር በብዙ ኮምፒውተሮች በፋይል ስም ውስጥ ስለማይፈቀድ በሰረዝ ይተካል።

በኢትዮጵያ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ቀኑን በራሱ ሲጽፍ በአብዛኛው የሚጠቀመው የጎርጎርዮሳውያኑን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በዚያ አቆጣጠር 2025-10-15 ይሆናል። «2018-02-05» የሚለውን ስም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ደግሞ ጥር 28 ቀን 2010 ዓ.ም. አድርጎ ይወስደዋል። በመሆኑም አንዱን አቆጣጠር መርጦ፣ በስሙ ላይ «ዓም» ወይም «እኤአ» ብሎ መለየት ይበጃል። የጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር 12 ወራት ብቻ ስላሉት፣ በዚያ ለተሠራ የቀን መሙያ ጳጉሜን 13ኛ ወር አድርጎ መስጠት አይቻልም።

የአባላት ስም በግእዝ ፊደል የሚጻፍ ከሆነ ፋይሉ በዩኒኮድ፣ በተለይም ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ ሊቀመጥ ይገባል፤ አለዚያ ስሞቹ ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለወጡ ይችላሉ። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

በቀን የተሰየሙ ፋይሎች ቅጂ ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ውጭም ሊቀመጥ ይገባል። ስምና ስልክ የያዙ በመሆናቸው ግን ለማንም ክፍት መሆን የለባቸውም። አርሶ አደሩም ደረሰኙን ከጠበቀ፣ በክፍፍል ጊዜ ጥያቄ ቢነሳ በደረሰኙ ላይ ያለው ቀንና በፋይሉ ስም ላይ ያለው ቀን ተመሳክረው ያስረከበው ኪሎ በቀላሉ ይገኛል።