አይብ የሚቆየው ውሃው ሲወጣ ነው

በከፋ፣ በማንኪራ የተለቀመ ቡና በሚገባ ከደረቀ ለወራት ቢቀመጥ አይበላሽም። ከዚያው ቤት የወጣ አይብ ግን በኮባ ተጠቅልሎ ቦንጋ ገበያ ደርሶ ገዢ ካጣ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ይበላሻል። ምክንያቱም ከአይብ ክብደት ከመቶው ወደ 80 የሚጠጋው እጅ ውሃ ነው።

እንደሚታወቀው እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው ለስለስ ባለ እሳት ይሞቃል፤ አይቡም ከአጓቱ ይለያል። ጨው እምብዛም አይገባበትም።

የአውሮፓ አገሮች አይብ የሚለያየው በወተቱ፣ በውሃው፣ በጨውና በቆይታው ነው። ጣልያኖች ፓርሚጃኖ የሚባለውን ከላም ወተት ሠርተው በጨው ውሃ ከነከሩ በኋላ ቢያንስ 12 ወር ያቆዩታል፤ ውሃው ከመቶው ወደ 30 እጅ ይወርዳል። የግሪኮች ፌታ ከበግ ወይም የፍየል ወተት ከተቀላቀለበት የበግ ወተት ይሠራል። ውሃው ብዙ ቢሆንም በጨው ውሃ ውስጥ ስለሚቀመጥ ይቆያል።

ዘዴው ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በጎጃም አካባቢ እናቶች የአይቡን አጓት ደጋግመው አንጠፍጥፈው፣ በቅመም ለውሰው ያብላሉታል፤ ለወራትም ይቆያል። ኮረሪማ ከጫካው ለሚለቀምበት ለከፋ ደግሞ ቅመም አይቸግርም።

ስለሆነም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሙያ ካላቸው እናቶች ጋር በመመካከር ሥራውን በጥቂቱ ማስሞከር ይገባቸዋል። አይቡን በንጹሕ ጨርቅ አንጠልጥሎ ማንጠፍጠፍ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ አጓቱም ለከብት ይሆናል። ይሁን እንጂ አይቡ ሲንጠፈጠፍ ክብደቱ ስለሚቀንስ፣ ዋጋው አስቀድሞ ካልታሰበ ተጎጂዋ ሻጯ ናት።