ማነቃቂያው በእርግጥ በሽታ ይከላከላልን? የጽጌረዳ የቅጠል በሽታዎችና የሙከራ ሥርዓት



ከሆለታ እስከ ባቱ ባሉት የአበባ እርሻዎችም ሆነ በየግቢው ጽጌረዳ በሚያሳድጉ ሰዎች ዘንድ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። ከባሕር ዕፅዋት፣ ከሸርጣን ቅርፊት ወይም ከጠቃሚ ረቂቅ ተሕዋስያን ተዘጋጅተው «ባዮስቲሙላንት» በሚል ስም የሚሸጡት ማነቃቂያዎች የቅጠል በሽታን ይከላከላሉን? መልሱ «አዎን» ከሆነ የኬሚካል ርጭትን መቀነስና የረጪውን ሠራተኛ ጤና መጠበቅ ይቻላል። «አይከላከሉም» ከሆነ ግን በማነቃቂያው የተማመነ አትክልተኛ ቅጠሉ ረግፎ እርቃኑን የቀረ ግንድ ይጠብቀዋል።

በመጀመሪያ ስያሜውን እናጥራ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ደንብ ማነቃቂያን የሚተረጉመው የተክሉን የምግብ አጠቃቀም፣ እንደ ድርቅና ሙቀት ያሉ ጫናዎችን የመቋቋም ዐቅም ወይም የምርቱን ጥራት የሚያሻሽል ነገር አድርጎ ነው። በሽታን መከላከል በትርጓሜው ውስጥ አልተካተተም። ይህን የሚያደርግ ምርት በዕፅዋት ጥበቃ ሕግ ተመርምሮ መመዝገብ አለበት።

ሆኖም ተስፋው መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ካይቲን የተባለው ንጥረ ነገር በሸርጣን ቅርፊትም በፈንገስ የሕዋስ ግድግዳም ይገኛል። ተክሉ ከካይቲን የተገኘውን ካይቶሳን ሲያገኝ ጠላት የመጣ መስሎት መከላከያውን ያነቃል። ነገር ግን ይህ መከላከያ እስኪደራጅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ርጭቱ ከበሽታው መቅደም አለበት። ቅጠሉ ከታመመ በኋላ ማነቃቃት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

ሙከራውን የሚያወሳስበው የበሽታዎቹ ጠባይ መለያየት ነው። በጽጌረዳ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያመጣው ፈንገስ በዝናብ ፍንጥቅጣቂ ይዛመታል፤ ቅጠሉን ለመውረር ለሰዓታት የቆየ እርጥበት ያስፈልገዋል። ፓውደሪ ሚልዲው የሚባለው፣ ቅጠሉን ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለው በሽታ ግን በቅጠሉ ላይ ውኃ ባይኖርም ይስፋፋል፤ እንዲያውም በቅጠሉ ላይ ያረፈ ውኃ የዘሩን ብቅለት ያውካል። እንግዲህ ማነቃቂያ የተረጨውን ተክል ምንም ካልተረጨው ጋር ብቻ ብናነጻጽር፣ ልዩነቱ የመጣው ከማነቃቂያው ይሁን ከውኃው መለየት አንችልም።

ስለዚህ አንድ የታመነ ሙከራ ቢያንስ አራት ምድቦች ሊኖሩት ይገባል፤ ንጹሕ ውኃ የተረጨ፣ ማነቃቂያው የተረጨ፣ የተለመደው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት የተረጨ፣ እንዲሁም በማነቃቂያው ውስጥ ያለውን ያህል ናይትሮጅንና ሌላ ማዳበሪያ ብቻ የተሰጠው። አራተኛው የሚያስፈልገው ብዙ ማነቃቂያዎች ማዳበሪያም ስለሚቀላቀልባቸው ነው። ተክሎቹ በየምድቡ የሚደለደሉት በዕጣ ሲሆን፣ ድልድሉ በተለያዩ የማሳው ክፍሎች ይደጋገማል። አለበለዚያ የአጥር ጥላ ያጠፋውን ጥፋት በምርቱ ላይ፣ ወይም ፀሐይ ያመጣችውን ደኅንነት ለምርቱ ምስጋና አድርገን እንቆጥራለን። የበሽታውን መጠን የሚመዝነው ሰው የትኛው ተክል ምን እንደተረጨ ባያውቅ ይመረጣል፤ ምዘናውም በየሳምንቱ ቢደገም የበሽታው አካሄድ ይታያል።

ውጤቱን ስናነብም ጥንቃቄ ያሻል። ለምሳሌ ያህል፣ ውኃ በተረጩት ተክሎች ላይ 40 በመቶ የቅጠል ስፋት ቢታመም፣ ማነቃቂያ በተረጩት ላይ 24፣ መድኃኒት በተረጩት ላይ ደግሞ 4 በመቶ ቢሆን እንበል። ማነቃቂያው በሽታውን በ40 በመቶ፣ መድኃኒቱ በ90 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። የመጀመሪያው ውጤት ከንቱ አይደለም፤ በሽታን በመጠኑ ለሚቋቋም ዝርያ፣ የረገፈ ቅጠል ለሚጠረግበትና ውኃ ከሥር ለሚጠጣ የግቢ ጽጌረዳ ሊበቃ ይችላል። እያንዳንዱ ቅጠል ለሚመረመርበት ለውጭ ገበያ አበባ ግን ብቻውን አይበቃም። ውኃ የተረጩት ተክሎች ጨርሶ ካልታመሙ ደግሞ ሙከራው ስለ ማነቃቂያው ምንም አልነገረንም፤ ጠላት ባልመጣበት ቀን ዘበኛ ሁሉ ጎበዝ ነውና።

ስለዚህ ሻጭ የውጤት ሠንጠረዥ ሲያቀርብላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከምን ጋር ተነጻጸረ? ስንት ጊዜ ተደገመ? ማነጻጸሪያው በእርግጥ ታሞ ነበርን?