ውልቃት ነው ወይስ ስብራት?

የልጅ ልጄ ስድስት ዓመት የሞላው ዕለት ከተሰጡት ስጦታዎች ሁሉ ልቡን የወሰደው አንዱ ነበር፤ ሲያጣጥፉት የጭነት መኪና፣ ሲዘረጉት ሮቦት የሚሆነው። ሳጥኑ ትልቅ፣ ቀለሙ ቀይና ሰማያዊ፣ ዋጋውም ቀላል አልነበረም። እንግዶቹ ቡና ጠጥተው ሳይወጡ የሮቦቱ ቀኝ እግር ከጭኑ ላይ ተቀነጠሰ። እናቱ ገና ስታየው «አንተ እኮ እጅህ የገባውን ሁሉ ማፍረስ ነው!» አለችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ወደ እኔ መጣና «አባባ፣ እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለኝ።

እኔ ዕድሜዬን ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። የተሰበረ ነገር ሳይ «ማን ሰበረው?» ከማለቴ በፊት «የቱ ጋ ተሰበረ?» ማለት ልማዴ ነው። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ያን የሚያህል እግር ከወገቡ ጋር የተያያዘው የክብሪት እንጨት በምታክል የፕላስቲክ ዘንግ ነው። ዘንጓ ከጭኑ የምትነሳበት ጥግ ደግሞ እንደተቆረጠ ስለት ሹል ነው፤ ትንሽ እንኳ ክብ ተደርጎ አልወፈረም። ፕላስቲክም ሆነ ብረት ሲጠመዘዝ ጉልበቱ የሚጠራቀመው እንዲህ ባለ ሹል ጥግ ላይ ነው። በስብራቱ ዙሪያ ነጭ መስመር ይታያል፤ ፕላስቲክ ከአቅሙ በላይ ሲጎብጥ እንዲያ ይነጣል። ልጁ ያደረገው ሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕል አድርግ ያለውን ነው። እግሩን አዞረ፤ እግሩ ተሰበረ።

ቤት ውስጥ ሌላም ሮቦት አለ። አጎቱ ከአሜሪካ ሲመጣ ያመጣለት ነው፤ ያው ኦፕቲመስ ፕራይም የሚባለው ሆኖ መጠኑ ግን ከአዲሱ ያነሰ። ሁለት ዓመት ሲወድቅ ሲነሳ ኖሯል። ክንዱ ስንት ጊዜ እንደወለቀ ልጁም አይቆጥረውም፤ ይወልቃል፣ ራሱ ጠቅ አድርጎ ይመልሰዋል። አገላብጬ ሳየው የክንዱ ጫፍ እንደ ሽምብራ የተድቦለቦለች ኳስ ናት። በጎድጓዳ ቤቷ ውስጥ ትሽከረከራለች፤ ከአቅም በላይ ሲስቧት ትወጣለች እንጂ አትቀነጠስም። ሆን ተብሎ እንዲያ የተሠራ ነው።

ወጌሻ የሚያውቀው ልዩነት ነው፤ ውልቃት ሌላ፣ ስብራት ሌላ። ጥሩ መጫወቻ ሠሪ ልጅ አንድ ቀን በተሳሳተ በኩል እንደሚጠመዝዘው ያውቃል። ስለዚህ የሚወልቅበትን ቦታ አስቀድሞ ያበጅለታል።

የእነዚህ መጫወቻዎች መነሻ ጃፓን ነው። ታካራ የተባለው ኩባንያ «ዳያክሎን» እና «ማይክሮማን» በሚሉ ስሞች ሲሸጣቸው ቆይቶ፣ የአሜሪካው ሃዝብሮ እ.ኤ.አ. በ1984 «ትራንስፎርመርስ» ብሎ ለገበያ አወጣቸው። ያን ጊዜ አንዳንዶቹ የብረት ክፍል ነበራቸው፤ አሁን ከሞላ ጎደል ፕላስቲክ ናቸው። ብረቱ ሲቀር ጥራቱም ቀረ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ብረት ይከብዳል፣ የከበደ እግር ደግሞ መገጣጠሚያውን ቶሎ ያላላል። የታወቀ ስምም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከእነዚያው ከስመ ጥሮቹ መካከል ወርቃማ ቀለም በተቀላቀለበት ፕላስቲክ የተሠሩ አንዳንዶቹ፣ ሳይነኩ ተቀምጠው እንኳ በዕድሜ ብዛት እንደ ደረቅ ብስኩት እየተፈረፈሩ ሰብሳቢዎችን አሳዝነዋል።

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ጋር መርካቶ ወረድን። ሮቦቱን ከሳጥኑ አስወጥቼ እጅና እግሩን ቀስ እያልኩ ማጠፍ ስጀምር ባለሱቁ ደነገጠ።

«አባቴ፣ ይሰበራል እኮ!»

«ቀስ ብዬ ሳጥፈው ከተሰበረ የልጅ መጫወቻ አይደለማ» አልኩት። ሳቀና ተወኝ።

እጁ ሲነሳ ቀጭ ቀጭ እያለ በየደረጃው የሚቆም ከሆነ ውስጡ ጥርስ አለው ማለት ነው፤ ቶሎ አይላላም። ሲለቁት ተንጠልጥሎ የሚቀር ከሆነ ተዉት። አንድ እግሩን ወደፊት አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አቁሙት፤ ይህን ካልቻለ ቤት ሄዶም አይችልም። ጀርባውን ገልብጡ። በብሎን የታሰረ ይፈታል፣ ይጠገናል፤ በማጣበቂያ የተዘጋ ግን አንዴ ከሄደ ሄደ። ከዚያ መኪና አድርጉት። ክፍሎቹ ጥርቅም ብለው ይያያዛሉ? ጎማዎቹ መሬት ነክተው ይሽከረከራሉ? አንዳንዱ በሮቦትነቱ ያምርና መኪና ሲሆን እጆቹ ከሥር ተጣጥፈው ይታያሉ፤ በደረቱ የተኛ ሮቦት እንጂ መኪና አይመስልም። ልጆች ይህን ቶሎ ያውቃሉ፤ ሁለተኛ አያጥፉትም።

ብዙዎቹ ሳጥኖች ላይ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሆነ ይጻፋል፤ አንዳንዶቹ ላይም በስንት ደረጃ እንደሚታጠፍ። ከስምንት ዓመት በላይ የሚል ሃያ ደረጃ ያለው ሮቦት ለስድስት ዓመት ልጅ መግዛት ለአያቱ ሥራ መግዛት ነው። እኔ አንዱን ከቁርስ እስከ ምሳ ታግዬው አውቃለሁ። ልጁ ደግሞ ሲያቅተው በጉልበት ይሞክራል፤ ስብራቱ የሚመጣው ያኔ ነው።

ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ካለ ሌላ ነገር ይታሰብ። ሮቦቱ የሚይዛቸው ትንንሽ ጠመንጃና ሰይፎች ያንቃሉ። ፋብሪካዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት መለኪያ ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቤት ውስጥ ግን የሶፍት ጥቅል መሐል ያለው ካርቶን ይበቃል። በእሱ ውስጥ የሚያልፍ ሁሉ ሕፃኑ እጅ አይግባ። ዓይኑ የሚበራ ከሆነ የባትሪውን ክዳን እዩት፤ በብሎን መታሰር አለበት። ያቺ ክብ የሰዓት ባትሪ ከተዋጠች በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ የምግብ ቧንቧን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታስመልሱት፣ ነገ እናየዋለን አትበሉ፤ በዚያው ቅጽበት ሆስፒታል።

ከመርካቶ ከታዩን ሦስት ሮቦቶች ትንሹን ገዛን። ርካሹም እሱ ነበር።

የተሰበረውንም አልጣልነውም። በሱፐር ግሉ ማጣበቅ ያጓጓል፤ የሚዞር ቦታ ላይ ግን አይበረክትም፣ ፈሶ ከገባም ማጠፊያውን አድርቆ ያስቀረዋል። ሁለቱንም ወገን በቀጭን መሰርሰሪያ በስቼ ቁራጭ ሚስማር አስገባሁበት። ከዚያ በፊት ግን ስብራቱን ለልጄ አሳየኋት። ዘንጓን በሁለት ጣቷ ይዛ «ይቺ ናት እንዴ ያን ሁሉ የተሸከመችው?» አለች። ዝም ብላ ቆየችና ልጁን ጠራችው።

«ና እስቲ ማሙሽ፣ አንተ አይደለህም ለካ የሰበርከው» አለችው።

ካቻቢቴውን እሱ ነው የያዘው፤ የመጨረሻዋን ብሎን ራሱ አጠበቀ። የሮቦቱ ቀኝ እግር አሁን ከግራው ትንሽ ያጥራል። መኪና ሲሆን ግን አያስታውቅም።