የመጀመሪያው ገጽ የማን ነው?



ጊዜው የረመዳን ወር ነበር። በምናውቀው አንድ ቤት ከኢፍጧር በኋላ ጥያቄ ተነሣ። ቤተሰቡ በማግስቱ ወደ ደሴ ሊጓዝ ነበርና መንገደኛ ማፍጠር ይችላል ወይ ተባለ። አባት ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ የአሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው ከስልኳ ላይ አነበበችና «ይቻላል፤ አለቀ» አለች። «ማነው ያለው?» ቢሏት «ጉግል» ስትል መለሰች።

ጉግል ሙፍቲ አይደለም። ሥራው ሌሎች የጻፉትን ደርድሮ ማቅረብ ነው፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በብዙ አገሮች ከየገጹ የለቃቀመውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጠቃልሎ ከሁሉ በላይ ማስቀመጥ ጀምሯል። ልጅቷ ያነበበችውን ማን እንደ ጻፈው አላየችም። የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ቃል ከመቀበላቸው በፊት ከማን ለማን እንደ ተላለፈ ሰነዱን ይመረምሩ ነበር። በስልኩ ላይ ግን የሰነዱን ቦታ ተራ ቁጥር ወስዶታል፤ ቀድሞ የወጣው እውነተኛው ይመስለናል።

ይህ ተራ ቀላል ነገር አይደለም። በ2017 የአውሮፓ ኮሚሽን ጉግልን 2.42 ቢሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። ምክንያቱም ኩባንያው የራሱን የዕቃ ዋጋ ማነጻጸሪያ ከላይ እያስቀመጠ የተፎካካሪዎቹን ወደ ታች ይገፋ ስለ ነበር ነው። ከተፎካካሪዎቹ ሁሉ የተሻለ ቦታ የሚያገኘው እንኳ በአማካይ አራተኛው ገጽ ላይ ነበር የሚገኘው። ኮሚሽኑ እንዳረጋገጠው በኮምፒዩተር በሚደረግ ፍለጋ ሰዎች የፍለጋ ውጤቶችን ከሚነኩት ንክኪ 95 ከመቶ ያህሉ የሚያርፈው በመጀመሪያው ገጽ ባሉት አሥር ውጤቶች ላይ ነው። ታዲያ አራተኛው ገጽ ላይ ያለ ነገር ከተደበቀ በምን ይለያል? ቅጣቱን የአውሮፓ ኅብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2024 አጽንቶታል።

የሚገርመው፣ የኩባንያው መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 ገና የስታንፎርድ ተማሪዎች ሳሉ ባወጡት ጽሑፍ፣ በማስታወቂያ ገንዘብ የሚኖር የመረጃ መፈለጊያ ወደ አስነጋሪዎቹ ማድላቱ እንደማይቀር አስጠንቅቀው ነበር። ዛሬ የኩባንያው ዋና ገቢ ማስታወቂያ ነው።

ልጅቷ ጉግልን መርጣ ነውን? አይመስለንም። ስልኳን ስትገዛው ጀምሮ እዚያው ነበር። በ2024 በዋሽንግተን የሚገኘው ፍርድ ቤት ዳኛ አሚት ሜታ ጉግል የገበያ ብቸኝነቱን በሕገ ወጥ መንገድ አስጠብቋል ሲሉ ፈርደዋል። በ2020 በአሜሪካ ከተደረገው ፍለጋ 90 ከመቶ ያህሉ በእርሱ በኩል ያልፍ ነበር። በ2021 ብቻ በስልኮችና በኢንተርኔት ማሰሻዎች ላይ ተቀዳሚ መፈለጊያ ሆኖ ለመቀመጥ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ነገሩ አንድ ነጋዴ የከተማውን ታክሲዎች ሁሉ ተሳፋሪው ሳይጠየቅ ወደ ሱቁ እንዲያመጡለት እንደ መክፈል ነው። ዳኛው በ2025 ብቸኛ የሚያደርጉትን ውሎች ቢከለክሉም ክፍያውን ግን ፈጽሞ አላገዱም። ደርሶችን የምናዳምጥበት ዩቲዩብም ከ2006 ጀምሮ የዚሁ ኩባንያ ነው፤ አብዛኞቻችን የያዝናቸው ስልኮች የሚሠሩበት አንድሮይድም እንዲሁ።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። «ሐጅ» ብሎ የሚጽፍ አለ፤ «ሀጅ» ወይም «ሃጅ» የሚልም አለ። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ መሣሪያው ግን እንደየሆሄው የተለያየ ዝርዝር ሊያወጣ ይችላል። በአማርኛ የተጻፈው ከዓረብኛውና ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት በመሆኑም አንድ ሰው ሳያጣራ የለጠፈው ነገር ያለ ብዙ ፉክክር ላይ ሊወጣ ይችላል። ወላጆች ይህን በራሳቸው ስልክ ከልጆቻቸው ጋር ሊሞክሩት ይችላሉ፤ የአንድ ምሽት ጨዋታ ይሆናል።

ወደዚያ ቤት እንመለስ። አባት ልጃቸውን አልተቆጡም። የሰፈሩን ኡስታዝ ደውለው አገናኟት። እርሷም ጥያቄዋን አቀረበች። ኡስታዙ ግን ይቻላል ወይም አይቻልም ከማለታቸው በፊት እንዲህ ሲሉ ጠየቋት፦

«ልጄ፣ ከቤት የምትወጡት ከፈጅር በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

ልጅቷ ስልኩን እንደያዘች ወደ አባቷ ዞረች። «አባ፣ በስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?»