ማዶ ለማዶ

አንድ ወዳጄ በቀደም እለት አኩርፎ መጣ። እጮኛው ኃይለኛ ጉንፋን ይዟት “እንዳይጋባብህ ሰሞኑን አትምጣ” አለችው። “ብትወደኝማ አትምጣ ትለኝ ነበር?” ብሎ አረፈው። ቢጨንቀኝ የአንዲት የእንግሊዝ ገጠር መንደር ታሪክ አወራሁለት። እስቲ ለእናንተም ላውጋችሁ።

መንደሪቱ ኢም ትባላለች። ደርቢሻየር በተባለው ኮረብታማ አገር ነው ያለችው። ጥንታዊ ናት። በቤተ ክርስቲያኗ ግቢ የቆመው የድንጋይ መስቀል ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሕዝቡ ዘመን ከዘመን መሬቱን እያረሰ፣ በግ እያረባ፣ ከተራራው ሆድ እርሳስ እየቆፈረ ኖረ። እንዲያ ብቻ ሆና ብትቀር ማን ያስታውሳት ነበር?

ጉዱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1665 ነው። ለንደን በቸነፈር ስትታመስ ከዚያው የጨርቅ እሽግ ለመንደሩ ልብስ ሰፊ ተላከ። ጨርቁ ርጥብ ነበርና ረዳቱ ፈትቶ እሳት ዳር አሰጣው። ቁንጫውም አብሮ ተፈታ ይባላል። ረዳቱ በሴፕቴምበር 7 ተቀበረ። ከዚያ ወዲያ ሞት ቤት ለቤት ይዞር ጀመር። በብርዱ ወራት ጋብ አለና በ1666 ጁን ላይ እንደ አዲስ አገረሸ።

ሰው ሊሸሽ ሲነሳ ወጣቱ ቄስ “በሽታውን ይዘን የት እንሄዳለን?” አለ። ሕዝቡ ብዙም አይወደውም ነበርና፣ ከሱ በፊት የነበሩትን፣ በሃይማኖት ጉዳይ የተባረሩትን ቄስ አጋር አደረገ። ማንም አይውጣ፣ ማንም አይግባ ተባለ፤ ተስማሙ። የጎረቤት ሰዎች ምግብ ድንበር ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ፤ እነሱ ደግሞ ሳንቲሙን አቼቶ በተሞላ የድንጋይ ጎድጓዳ ውስጥ ይጥላሉ። ጸሎቱም ሜዳ ላይ፣ ተራርቆ ሆነ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ሬሳ ራሱ ይቀብራል። አንዲት እናት በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን ቀበረች! እናንተዬ፣ ሰባት ጉድጓድ!

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ ይለኛል። ቄሱ የገዛ ልጆቹን መንደሩ ከመዘጋቱ በፊት ወደ ሌላ ቦታ ልኳል። ሀብታሙም ቀደም ብሎ ውልቅ ብሏል። ከቀረው ብዙው መሄጃ የሌለው ድሃ ነው። ሚስቱ ግን አልለይህም ብላ ቀርታ በኦገስት ስለሞተች፣ አፌን ሞልቼ ልወቅሰው አልችልም።

ወዳጄን ዝም ያሰኘው ሌላው ነው። አንዲት የኢም ልጅ የጎረቤት መንደር እጮኛ ነበራት። መንደሩ ገና ሳይዘጋ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው መገናኘቱን ትተው ሸለቆውን ማዶ ለማዶ ቆመው ያለ አንድ ቃል ይተያዩ ነበር ይባላል። በ1666 ኤፕሪል እሷ ቀረች። እሱ ግን መመላለሱን አልተወም። ቸነፈሩ በኖቬምበር አብቅቶ መንገዱ ሲከፈት ቀድመው ከገቡት አንዱ እሱ ነበር። መርዶዋን የሰማው ያን ቀን ነው።

በ14 ወር ውስጥ 260 ያህል ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ መንደሪቱ ሸማኔም ሆናለች፣ ጫማ ሰፊም ሆናለች፤ ዛሬ ሙዚየም አላት። በየዓመቱ በኦገስት የመጨረሻ እሁድ ሰዉ ያኔ ጸሎት በተደረገበት ሜዳ ይሰበሰባል።

ወዳጄ ምንም ሳይለኝ ሄደ። ማታ ደወለልኝ። ብርቱካን ገዝቶ በሯ ላይ አስቀምጦላት፣ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ እጁን ሲያውለበልብላት በመስኮት አይታዋለች።